ለመሻገር ሁለት ታክሲ

አክስቴን ከታላቅ እህቷ የሚለያት መንገድ ወርዱ ሃያ ሦስት ሜትር ነው። ቁጥሩን ያገኘሁት ከፕላን ላይ ነው፤ በእግሬ ልለካው አልደፈርኩም። በዚህ በኩል የአክስቴ ስፌት ቤት አለ። በዚያ በኩል፣ በሩ ከበሯ ትይዩ፣ ሕመም ከጣላት ሁለት ዓመት ያለፋት የትልቋ አክስቴ ቤት ነው። ትልቋ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ጠዋትና ማታ ጎረቤቷ ታያታለች፤ ምሳዋን ግን ከታናሽ እህቷ እጅ ካልሆነ አትበላም። ሌላ ሰው ማንኪያ ሲያነሳላት አፏን ትገጥማለች። ሐኪሙ የሕመሙ ጠባይ ነው አለ። አክስቴ ደግሞ ሳትታመምም እንዲሁ ነበረች አለች።

እናቴ የሁለቱ መካከለኛ ነበረች። እሷ ስታልፍ ትንሿ አሳደገችኝ፣ ትልቋ አስተማረችኝ። ያኔ በሁለቱ በሮች መካከል ያለው መንገድ ኮረኮንች ነበር። እህትማማቾቹ በየደጃፋቸው ተቀምጠው ሽንኩርት እየላጡ ያወሩ ነበር፤ ወሬው ሚስጥር ሲሆን ብቻ አንዷ ትሻገራለች። እኔ ባሕር ማዶ ስለ መንገድ ስማር ያ መንገድ ስድስት መስመር ሆኖ ጠበቀኝ። መሀሉ ላይ ከጉልበት በታች የሆነ የሲሚንቶ አካፋይ አለ። ከአካፋዩ ግራና ቀኝ ከሰፈሩ በላይ ካለው ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚወጣው ከባድ መኪና እንዳሻው ይከንፋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ትልቋ ከአልጋዋ ወደቀች። ጎረቤቷ ብቻዋን ልታነሳት ስላልቻለች ደጅ ወጥታ ነጭ ፎጣ ታውለበልብ ጀመር። አክስቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል አየቻት። የተከፈተው በር ይታያታል፤ በበሩ ውስጥ ወለሉ ላይ የተዘረጋች አንዲት እግር ትታያታለች። ሦስት ጊዜ አስፋልቱ ላይ ወረደች፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀኝ ጉልበቷ ተለምኖ ነው የሚታጠፍ። በመጨረሻ እንደ ሁልጊዜው አደረገች። ታክሲ ይዛ እስከ አደባባዩ ሄደች፤ ትራፊክ ፖሊስ የሚያሻግርበትን አደባባይ በእግሯ ዞራ በወዲያኛው በኩል ሌላ ታክሲ ይዛ ተመለሰች። ትልቋ አርባ አምስት ደቂቃ ወለል ላይ ቆየች።

በማግስቱ አክስቴ ማመልከቻ ጻፈች። የእግረኛ ማቋረጫ ይሰጠን ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ከሥሩ መቶ ስድሳ ሰው ፈርሟል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ሳይፈርም ሱሪውን አላገኘም ይባላል። ወረቀቱ በመንገዶች መሥሪያ ቤት ከክፍል ወደ ክፍል ሲንከራተት ሰንብቶ የትራፊክ ጥናት ቡድን መሪ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ቡድን መሪዋ እኔ ነኝ።

አመልካቿ አክስቴ መሆኗን በዚያው ዕለት ለኃላፊዬ ነገርኳቸው። ግድ የለም፣ ቁጥር ዘመድ የለውም አሉኝ።

መመሪያውም የእኔ ነው። ጻፍኩት ከምል ቀዳሁት ብል ይሻላል። በተማርኩበት አገር አንድ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ገና ሲያስብ መኪናው ይቆምለታል፤ መመሪያው የተሰናዳው ለዚያ አገር እግረኛ ነው። እኔ ወደ ቋንቋችን መለስኩት፣ ማኅተም ተመታበት፣ በትልቁ አዳራሽ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰነዱን በከፈትኩ ቁጥር እንደ ተዋስኩት ጫማ የሆነ ቦታ ይቆነጥጠኛል፤ ግን የቱ ጋ እንደሆነ አውቄው አላውቅም ነበር። ሕጉ ቀላል ነው። ሰው በሚበዛበት አንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ ሰው በእግሩ ሲሻገር ከተቆጠረ መብራት ያለው ማቋረጫ ይፈቀዳል። ካልተቆጠረ ማቋረጫ አያስፈልግም። የማያስፈልግበት ቦታ ደግሞ እግረኛ ተሳስቶ እንዳይገባ አካፋዩ በብረት አጥር ይዘጋል።

ኃላፊዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ ሰፈር ሽማግሌዎች ሲለምኗቸው አንጀታቸው አልችል ብሎ ነጭ መስመር ብቻ አስቀቡላቸው። መብራት የለው፣ ጉብታ የለው። ሰው መስመሩን አምኖ ገባ። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ «ቀለም መኪና አያቆምም» ማለት ያዘወትራሉ። መብራት ለማስተከል ደግሞ ከበላይ ይጠየቃሉ፤ የበላዮቹም የሚጠይቁት ቁጥር ነው።

ቆጠራውን የመራው ጋሽ ስንት ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት መንገድ ዳር ሲቆጥር የሚያየው አላፊ ሁሉ «ጋሼ፣ ዛሬስ ስንት?» ሲለው ያኛው ስም ተረሳ። በርጩማው ላይ ይቀመጥና በአውራ ጣቱ የሚጫነውን መቁጠሪያ ጭኑ ላይ ያሳርፋል። ተተኪ ካልመጣ ሽንት ቤት እንኳ አይነሳም። እሱ አርባ አንድ ካለ አርባ ሁለተኛው ሰው አልተፈጠረም ማለት ነው።

አርባ አንድ አለ። በምሳ ሰዓት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አርባ አንድ ሰው። ቅጹን ሲሰጠኝ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር። እስከ አስፋልቱ ጠርዝ መጥተው፣ ቆመው፣ ግራ ቀኝ አይተው የተመለሱት የት ተመዘገቡ ብዬ ጠየቅኩት። ያልተሻገረ አይመዘገብም አለኝ። ማን ነው ያለው አልኩት።

«አንቺ ነሻ ልጄ» አለኝ። «ገጽ ዐሥራ አራት።»

ሲመሻሽ ስፌት ቤቱ ስገባ አክስቴ የካፖርት ኮሌታ እየተኮሰች ነበር። ውጤቱን ነገርኳት። ካውያውን ሳታቆም አንድ ጊዜ ብቻ ቀና አለች።

«አርባ አንድ እብድ ተገኘ በይኛ» አለች። «ጤነኛውን ማን ቆጠረው?»

መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አመልካች በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳግም ቆጠራ መጠየቅ ይችላል። ያን ቀን እነዚያ መቶ ስድሳ ፈራሚዎች በምሳ ሰዓት ወጥተው፣ ፈጠን ፈጠን ብለው፣ አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ ቢሻገሩ ቁጥሩ ይሞላል አልኳት። ካውያውን በተረከዙ አቆመችው።

«እንድቆጠር ብዬ አልሞትም» አለች። «ሰውም አላስገድልም። ይኸን ነው እዚያ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው?»

ከዚያ ኮሌታውን ገለባበጠችው። መጨረሻ ላይ ሰኞ ፈቃድ እንድወስድ አዘዘችኝ። ምሳውን የምይዘው እኔ ነኝ።

ሰኞ ዕለት ሾርባውን በክዳን ዕቃ፣ ክዳን ዕቃውን በፎጣ ጠቅልለን ወጣን። ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ እንዲህ ስትመላለስ እኔ ቢሮ ነበርኩ፤ አንድም ቀን አብሬያት ሄጄ አላውቅም። የታክሲው ፌርማታ ላይ ሰው ተሰልፏል። ደብተር ያቀፈ መምህር አለ። ምላጭና መቀሱን በከረጢት የያዘ ፀጉር አስተካካይ አለ። ውሃ ልኩን ብብቱ ሥር የሸጎጠ ግንበኛ አለ፤ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የክትትል ካርዷን እንደ ማራገቢያ ታወዛውዛለች። ሚኒባሱ ሲመጣ ሾፌሩ፣ አንገቱ ላይ መሀረብ ያሰረ ጎልማሳ፣ በመስኮት ብቅ አለ።

«ተሻጋሪ በር በር፣ ሩቅ ሂያጅ ወደ ኋላ» አለ።

ወደ ኋላ የሄደው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ያፈረ ይመስላል። የቀረነው ሁሉ በር በር ሆንን። መምህሩን ወዴት ነው አልኩት። በአገጩ የመንገዱን ማዶ አሳየኝ። ትምህርት ቤቱ እዚያ ነው፤ የደብተር ማረሚያ ክፍሉ መስኮት ከተሳፈርንበት ይታያል። ፀጉር አስተካካዩም ሱቁን አሳየኝ፤ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ በሕይወቱ ብዙ መስመር እንደ ሠራ፣ መንገድ ለመሻገር ታክሲ የሚይዝ ሕዝብ ግን እዚህ ብቻ እንዳጋጠመው ነገረኝ። እግዜር ይስጣቸው አለ፤ ልጆቹን የሚያስተምረው በእነሱ ነው።

የሚቆነጥጠኝን ቦታ ያገኘሁት እዚያ ወንበር ላይ፣ ክዳን ዕቃውን ታቅፌ ነው። በጋሽ ስንት ቅጽ ላይ እነዚህ ተሻጋሪዎች የሉም። በእነሱ ፋንታ ሚኒባስ አለ፤ ወደ አደባባዩ ሲሄዱ አንድ፣ ሲመለሱ ሌላ አንድ ተብሎ ሁለት ተቆጥሮ። ያ ሚኒባስ ደግሞ፣ በእኔው መመሪያ፣ ሊስተጓጎል የማይገባው የተሽከርካሪ ፍሰት ነው። መሻገር ያልቻለ ሰው ሁሉ መኪና ሆኖ ይቆጠርና የገዛ መሻገሪያውን ይከለክላል።

ስንደርስ ሃምሳ ደቂቃ አልፏል። ትልቋ ሾርባውን ቀመሰችና በዚያ በሚታዘዝላት የአፏ ጎን «ቀዝቅዟል» አለች። በቀን ከሦስት ቃል በላይ አትናገርም፤ አንዱን ለዚህ አዋለችው። አክስቴ ማንኪያውን እንደገና እየሞላች ትኩስ ካማራት ተነስታ መጥታ እንድትበላ ነገረቻት። ትልቋ በግማሽ ፊቷ ሳቀች። ክንዷ ግን መጨረሻ ካየኋት ወዲህ ቀጥኗል፤ የሹራቡ እጅጌ ሁለት ቦታ ተሰፍቶ ጠቧል።

ከማግስቱ ጀምሮ ሦስት ቀን ጋሽ ስንትን ይዤ በወዲያኛው ፌርማታ ቆምኩ። ከታክሲ የሚወርደውን ሁሉ ከየት ተነሱ እያልን ጠየቅን። አንዳንዱ የግብር ሰዎች መስለነው ሸሸን። ብዙው ግን ሳይቆም፣ በእጁ ወደ ማዶ እያመለከተ አለፈ። በምሳ ሰዓት ብቻ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ሰው ዞሮ ተሻግሯል። ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ኃላፊዬ ፊት አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እነዚህ ተሳፋሪ ናቸው» አሉ።

«ለመሻገር የተሳፈሩ ናቸው።»

«ቅጹ ለምን ተሳፈርክ ብሎ አይጠይቅም።»

ቅጹን እናስተካክል አልኩ። መስኮቱን እያዩ፣ ማስተካከል ቢጀመር በሁለት ዓመት እንደሚያልቅ ነገሩኝ። ቀጥለው የተናገሩት ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እሳቸው ያምኑኛል። ከእሳቸው በላይ ያሉት የሚያምኑት ገጽ ዐሥራ አራትን ነው፤ ገጽ ዐሥራ አራትን ያሳመንኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከመሳቢያቸው አንድ ደብዳቤ አውጥተው ገፋ አደረጉልኝ። ማቋረጫ አያስፈልግም፣ አካፋዩ ይታጠር ይላል። ከሥሩ ስሜ ተጽፎ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። የአጥር ሠራተኞቹ የፊታችን ሐሙስ ቀጠሮ ይዘዋል። አልፈርምም አልኳቸው። አልተቆጡም። እስከ ሐሙስ አስቢበት፣ ካልሆነም በውክልና እኔ እፈርማለሁ አሉ። የዳግም ቆጠራ መጠየቂያውን ግን አልከለከሉኝም፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይቆጠር ብለው ፈረሙልኝ። ምን ሊጎዳ።

አለመፈረሜን ለአክስቴ ስነግራት ምስጋና ጠብቄ ነበር ብል አላፍርም።

«ጎሽ» አለች፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። «አሁን መኪናው ቆመ?»

እሑድ ከሰዓት በኋላ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር ይዛ ፊቴ ተቀመጠች። ያ ከባድ መኪና ከስንት ሜትር ላይ ቢያየን ይቆማል ብላ ጠየቀችኝ። በእግሯ ልትሻገር እንዳሰበች ገባኝ። አስፈራራኋት። የጫነ መኪና በዚያ ፍጥነት ሰባ ሜትር ይፈልጋል፤ ፍሬኑ ከደከመ መቶም አይበቃው። ደግሞ የሚገድለው የመጀመሪያው መኪና አይደለም፤ የቆመውን ሊቀድም ከጎኑ የሚወጣው ነው። ሾፌሩ ስልክ እያየ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። እሷ እያንዳንዱን እንደ ደረትና እንደ ወገብ ልክ አንድ በአንድ ጻፈችው።

«ከመቶ ሜትር እንታያለን» አለች። «አንድ መስመር ሲቆም ቀጣዩ እስኪቆም እንጠብቃለን። ሌላስ?»

ለፋብሪካ ሠራተኞች ሰደርያ ሰፍታ የተረፋት ዓይን የሚወጋ ብርቱካንማ ጨርቅ ነበራት። ያን ዕለት ማታ አሥር ሜትር ቆርጣ ጠርዙን ዘመዘመችው። ብቻዋን ብትወጣ ማን ይከተላታል ብዬ አስቤ ነበር። ያሰበችውን ስትነግረኝ ግን ሳቅኩ፤ ያን ሳምንት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

«ታክሲ ሞልቶ አይደል የሚነሳ?» አለች። «እኛም እንሞላለን።»

ሰኞ በምሳ ሰዓት ፌርማታው ላይ ቆማ ለሰልፈኛው ሁሉ፣ እንደ ታክሲ ሞልተን በጨርቁ አብረን እንሻገር ብላ ነገረችው። ብዙው ሳቀ፤ አንዳንዱ ጤንነቷን ጠየቀ። መጀመሪያ ከሰልፉ የወጣው መምህሩ ነው። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ወጣና የጨርቁን ጫፍ ይዞ እንደ ታክሲ ተጣሪ «ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው የጎደለው» ማለት ጀመረ። ሰው በሳቅ እየወጣ ተጠጋ። የሚኒባሱ ሾፌር መጥቶ በሩን ከፍቶ ቢጠብቅ የሚገባ አጣ። እማማ፣ ጭነቴን መንገድ ላይ እያወረዱብኝ ነው ብሎ ቅሬታውን አሰማ። አክስቴ ሩቅ ሂያጆችህን ጫን አለችው።

ሃያ አምስት ሲሆኑ ፀጉር አስተካካዩ «ሞላ» አለ።

እኔ ጠርዙ ላይ ቀረሁ። የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝ ብዬ ነው ያልገባሁት ብል እወድ ነበር፤ እውነቱ ግን ፈርቼ መቅረቴ ነው። ወደ መኪናው አቅጣጫ ያሉት ጨርቁን ደረታቸው ላይ ዘርግተው ያዙ። አንድ መስመር ገቡ፣ ቆሙ። የቤት መኪና ቆመ። ሁለተኛውን መስመር ሲሚንቶ የጫነ መኪና ይዞት ነበር፤ ጥሩንባውን ከሩቅ እያስጮኸ መጣ። እኔ ሜትር እየቆጠርኩ ነው፤ ዘጠና፣ ሰባ፣ ሃምሳ። ጎማው አለቀሰ፣ አፍንጫው ወደ መሬት ጎነበሰ፣ ቆመ። ከጨርቁ እስከ እሱ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ቦታ ቀርቶ ነበር። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ የአክስቴን ዘር ማንዘር ሰደበ። እሷ ክዳን ዕቃዋን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ እጇ አዛወረችና ሦስተኛውን መስመር ጠበቀች።

ጋሽ ስንት በርጩማው ላይ ሆኖ ወደ እኔ ዞረ።

«ልቁጠር?»

«ገጽ ዐሥራ አራት ምን ይላል ጋሼ?»

«በእግሩ የተሻገረ ይላል።»

«እንግዲያ ቁጠር።»

አውራ ጣቱ ሲሠራ ሰማሁ። ሰኞ ዘጠና ስድስት አለ። ማክሰኞ መቶ ሰባ ሦስት። ረቡዕ ነፍሰ ጡሯ ባሏን፣ ግንበኛው የሥራ ባልደረቦቹን ይዘው መጡ፤ አክስቴ ሁለተኛ ጨርቅ ዘመዘመች። ሁለት መቶ አርባ አራት። በሦስቱ ቀን አንድም ሰው አልተጫረም። ይህ ግን እኔን አላሳረፈኝም። ሦስት ቀን ምንም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለ እንዲህ ዓይነት ሦስት ቀኖች ነው የተማርኩት። ፍሬኑ የደከመው መኪና አራተኛውን ቀን ይመርጥ ይሆናል። እንዲህ እያሰብኩ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አርባ አንድ ሰው ያለ ጨርቅ ሲገባ እንዲህ አስቤ እንደማላውቅ ትዝ ይለኛል። ያኔ ሰዎቹ ለእኔ ቁጥር ብቻ ነበሩ።

ሐሙስ ቀትር ላይ የአጥር ሠራተኞቹ መጡ። የብረት ቋሚዎቹን አካፋዩ ላይ ደርድረው፣ መሰርሰሪያቸውን አውጥተው፣ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ኃላፊዬም ከእነሱ ጋር አካፋዩ ላይ ቆመዋል፤ ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ንፋስ ነበር። እኔ በዚህ ጠርዝ የጋሽ ስንትን ቅጽ ይዣለሁ። ቅጹ ሞልቷል፣ በውሳኔው ቦታ ላይ ግን ገና አልጻፍኩም። ደወልኩላቸው። አነሱት። በሩጫ እንዳልመጣ አስጠነቀቁኝና የረቡዕን ቁጥር እንደማይቀበሉት ነገሩኝ።

«ተደራጅተው ነው» አሉ። «ሆን ብለው ነው የተሻገሩት።»

«ሳያስበው መንገድ የሚሻገር ሰው አለ እንዴ?» አልኳቸው።

 ቅጹ እጃቸው ሳይገባ ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ተናገሩ። ሠራተኞቹ ደግሞ ከዚህ በላይ አይጠብቁም። ማዶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይበቃል፤ መንገዱ መሀል ለመድረስ ግን ታክሲ የለም።

ወደ ፌርማታው ሄድኩ። ሰው እየሞላ ነበር። አክስቴ አየችኝና ፀጉር አስተካካዩን በዓይኗ ጠቅሳ የጨርቁን የፊት ጫፍ አስለቀቀችልኝ። ጨርቁ ከቅርብ ሲይዙት ሸካራ ነው። «አንድ ሰው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ከዚያ «ሞላ» አለ።

መጀመሪያው መስመር ላይ ስንቆም አስፋልቱ በጫማዬ በኩል ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ይህ በፕላን ላይ የለም። መኪናው ቆመ። ሁለተኛው ቆመ። ሦስተኛው ሊቀድም ወጣና ጨርቁን ሲያይ ጎማው ጮኸ፣ ቆመ። የሾፌሩን ፊት አየሁት፤ ከእኔ የበለጠ የፈራው እሱ ነበር። አካፋዩ ላይ ወጣን። ሠራተኞቹ ቋሚዎቹን በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁልን። ከኋላችን መኪናው እንደገና ከነፈ።

ኃላፊዬ ቅጹን ተቀበሉኝና የውሳኔው ቦታ ባዶ ነው አሉ። መልሼ ወሰድኩት። የግንበኛው ጀርባ ላይ አስደግፌ፣ መብራት ያለው ማቋረጫ ያስፈልጋል ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ከታች፣ ምንም ሳጥን በሌለበት ነጭ ቦታ ላይ፣ ዞረው የሚሻገሩት ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንቱም እግረኛ ተብለው ይቆጠሩ፣ መመሪያው ስሕተት አለበት፣ ስሕተቱም የእኔ ነው ብዬ ጨመርኩ። እሳቸው ቆመው አነበቡት። ያደባባዩ የትራፊክ ፖሊስ በሞተር ሲመጣ ከሩቅ ይታይ ነበር።

«መብራቱ ቢፈቀድ እንኳ ስድስት ወር ይፈጃል» አሉ ቀስ ብለው። «እስከዚያ አንድ ሰው ቢገጭ በማን ስም ነው?»

«ስሜን ጽፌዋለሁ» አልኳቸው።

ወደ አክስቴ ዞሩ። የሚያውቋት ከማመልከቻው ብቻ ነው። «እናቴ፣ መኪና በጨርቅ አይቆምም» አሏት።

«መብራቱ እስኪመጣ እኛ እናቆመዋለን» አለች። «እርስዎ መብራቱን ያምጡ።»

ቅጹን አጠፉት፤ ከደብዳቤው ጋር አብረው ኪሳቸው ከተቱት። የሠራተኞቹ አለቃ መሰርሰሪያውን ይዞ፣ እንትከል ወይስ እንጫን ብሎ ጠየቃቸው። ኃላፊዬ ቆይ አሉት። ፖሊሱ ሞተሩን አካፋዩ ጥግ አቁሞ ይህን ሁሉ ሰው ማን ነው የሰበሰበው አለ።  ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የሞላ ታክሲ አይቆምም አለ፤ ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

አክስቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ጉልበቷን ዘረጋች። የቀረን ሦስት መስመር ነበር። ጨርቁን ወደ ሌላው ጎን አዞርነው፤ መኪናው አሁን የሚመጣው ከዚያ ነው። ፖሊሱ ቆዩ ማለቱን ሰምቻለሁ። እሷም ሰምታለች።

«ከጠርዙ ውረጂ» አለችኝ። «ሰው ከኋላ ቆሟል።»

ወረድኩ።